ሳያሸቱ አይጫንም

ላይል ቴስመር ሳያሸት አይጭንም። በዊስኮንሲን ገጠር ዕድሜውን የወተት ቦቴ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጎህ ሳይቀድ በየገበሬው ደጅ ይደርሳል፤ የማቀዝቀዣውን ታንክ ክዳን ይከፍታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጊዜ በረጅሙ ይስባል። ሽታው ካላማረው ገበሬው ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ ቢምል ቢገዘት ቧንቧውን አይዘረጋም። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ላይል ግን ሕጉ ነገ ቢሻር እንኳ የሚተው አይደለም። ሚስቱ ጃኔል የምትገዛለትን ሸሚዝ ሳይቀር ሳያሸት አይለብስም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ እኔ የለሁበትም።

ከዓመታት በፊት፣ አንድ ጸደይ ላይ፣ አንድ ባለጸጋ ገበሬ አዲስ በረት ሠራ። መብራቱ ሆቴል ያስመስለዋል፤ ቀይ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ላይል ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና መልሶ ዘጋው። ላሞቹ የዱር ሽንኩርት ግጠው ኖሮ ወተቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። ሰውዬው የበረቱን አዲስነት እያሳየ ቢሟገትም አልሰማውም፤ ቦቴውን አስነስቶ ወደ ሽማግሌው ቨርጂል ቤት ሄደ። የቨርጂል በረት እንኳን ሆቴል፣ በረትም ለመባል ትንሽ ይቀረዋል። ወደ ጎን አዘንብሏል፤ ጣሪያው ተጣፍፎ አልቋል። ወተቱ ግን ያው እንከን የማይወጣለት የቨርጂል ወተት ነው፤ ላይል አሽትቶ ጫነው። ያን ቀን ከላይል ጋር ቦቴው ውስጥ የነበረችው፣ ያኔ የስምንት ዓመት የሆነች ልጁ ኮሪን ሁሉንም አይታለች፤ ይህቺ ልጅ ደግሞ ያየችውን የምትረሳ ዓይነት አልነበረችም።

ኮሪን ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃን ትጨርሳለች። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋታል። አንደኛው በምሥራቅ ያለ ጥንታዊ የግል ኮሌጅ ነው፤ ካርታ ላይ የት እንዳለ የማያውቀው ሰው ሁሉ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሁለተኛው የራሳችን ግዛት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከቤታቸው አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል፤ የግዛቱን ልጆች ደግሞ ከሌላው በብዙ ባነሰ ክፍያ ያስተምራል። የምሥራቁም የተወሰነ እርዳታ ሰጥቷታል፤ የሚቀረው ግን ለቦቴ ሹፌር የሚቀመስ አልነበረም።

ላይል ለዚህ መላ ነበረው። ከአባቱ የወረሰውን ጫካ ይሸጣል። በየመኸሩ አጋዘን የሚያድንበት፣ አባቱ የተከላቸው ዛፎች ያሉበት መሬት ነው። ይህን ለማንም ሳያማክር በልቡ ቆርጦ ጨረሰው፤ ከዚያ ደስታው አላስችለው አለና ከተማውን ሁሉ "ልጄ ወደ ምሥራቅ ልትሄድ ነው!" እያለ አዳረሰው።

በእኛ ከተማ ደግሞ ወሬ ከተነገረ ሥራ ይከተለዋል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ቤቭ እዚያው ቆማ የሥጋ ቶምቦላ አወጀች። የአንዱ ቤት ሲቃጠል፣ የአንዱ ልጅ ሲታመም እኛ ዘንድ የሚደረገው ይኸው ነው። ሥጋ ሻጩ የአሳማ ጭንና ቋሊማ ይሰጣል፤ ቤቭ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለቁጥር የእንጨት መንኮራኩር ታሽከረክራለች፤ ሰዉ ትኬት ይገዛል፤ ዕጣ የወጣለት ሥጋውን መርጦ ይወስዳል። ያኔም ቤቭ ወንበር ላይ ወጥታ ትልቁ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፈች፦ "ኮሪን ወደ ምሥራቅ! ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት!" ልጅቷን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ራሷ የተናገረችው ሐሙስ ዕለት እራት ላይ ነው።

"አባዬ፣ እኔ የራሳችንን ዩኒቨርሲቲ ነው የምፈልገው።"

ላይል ሹካውን አስቀመጠ። "የጫካውን ነገር ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። የመሬት ደላላው መኪና ግቢያችን ውስጥ ቆሞ አየሁት። ዓይን አለኝ እኮ!"

"ይኸዋ! አዝነሽልኝ ነው!"

"አላዘንኩልህም።"

"አዝነሻል! እኔን አስበሽ ነው! እኔ ደግሞ ልጄ ለእኔ ብላ በርካሽ ነገር እንድትሸወድ አልፈልግም። ደጃፋችን ላይ ያለ ትምህርት ቤት! የዚህን ግዛት ልጅ ሁሉ የሚሰበስብ!"

"እኔስ የዚህ ግዛት ልጅ አይደለሁም?" አለች ኮሪን። "አባዬ፣ ሄደህ አይተኸዋል ግን?"

"በአጠገቡ ሺህ ጊዜ አልፌያለሁ።"

"ሄደህ አሽትተኸዋል ወይ ነው የምልህ!"

ላይል ሹካውን መልሶ አነሣ።

"የቨርጂልን በረት ከመንገድ አይተህ አልፈህ ታውቃለህ? ያን አዲሱን በረት ቀለሙን አይተህ ጫንክለት? አልጫንክለትም! እዚያው ነበርኩ! ታዲያ የኔ ጊዜ ሲሆን ምን ነካህ? አንዱን በስሙ፣ አንዱን በቅርበቱ ትፈርድበታለህ?"

ጃኔል ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በናፕኪን አፏን ሸፈነች። "አገኘችህ፣ ላይል። ዛሬ ገና ሰው አገኘህ።"

ላይልን ግን አንድ ነገር ከነከነው፤ እሱም ርካሽነቱ አልነበረም። ልጁ እውነት ይህን ፈልጋ ነው ወይስ ለእሱ ብላ ምኞቷን እየቀበረች? ለእሱ ብላ ከሆነ ዕድሜ ልኩን ያንን ጫካ ባየ ቁጥር ሊያቃጥለው ነው። አፍ ሊዋሽ ይችላል፤ እንደ ኮሪን ያለች ደግ ልጅ ስትሆን ደግሞ አሳምራ ትዋሻለች። መልስ የሚሰጥበት ቀነ ገደብ ሳምንት ቀርቶታል። "ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን" አለ በመጨረሻ። "አሸታለሁ። ካልጣመኝ ግን አልጭንም።"

ቅዳሜ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ኮሪን ገና ከመኪናው እንደወረደች እግሯ መሬት አልያዝ አለ። ላይል ደግሞ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ወተት ሊመልስ እንደመጣ ሰው ይራመዳል። ቤተ መጻሕፍቱን አዩ። ሐይቁን አዩ። አንድ አዳራሽ ገብተው ላይል እውነትም አየሩን በአፍንጫው ሳበ፤ የእርጥብ ካፖርትና የድንች ጥብስ ሽታ ነበር። ከዚህ ምንም መፍረድ አልቻለም። ልጁን ሰረቅ አድርጎ አያት፤ ትስቃለች። ሳቋ የእውነት ይሁን ለእሱ የተዘጋጀ፣ ከዚህም መፍረድ አልቻለም። ኧረ እንዴት ያለ ጭንቅ ነው!

ከቀትር በኋላ የወተትና የአይብ ትምህርት ክፍሉ ሕንጻ ደረሱ። ኮሪን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያንገበግባት ነገር አንድ ነው፤ ያው አንድ ዓይነት ወተት እዚህ ቤት ለስላሳ አይብ፣ እዚያ ቤት አፍንጫ የሚበጥስ አይብ የሚሆነው እንዴት ነው? ይህን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን መሆናቸውን ካወቀች ወዲህ ደግሞ ሌላ ወሬ የላትም። አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ተማሪ በሩ ላይ ቆማ ጎብኚ ታስገባለች።

"አባዬ፣ አምስት ደቂቃ!" አለች ኮሪን። ቦርሳዋን ክንዱ ላይ አንጠለጠለችለትና ገባች።

አምስት ደቂቃው አለፈ። ግማሽ ሰዓቱም አለፈ። ላይል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሴት ቦርሳ ታቅፎ ይጠብቃል። ስልኩን አውጥቶ ሲደውልላት ጭኑ ላይ ያለው ቦርሳ ጮኸ። ስልኳን ትታዋለች! በእንቅልፏ እንኳ ከእጇ የማይለየውን ስልክ! ቀጥሎ ደግሞ የራሱ ስልክ ጮኸ፤ ቤቭ ናት።

"ላይል! የት ነው ያላችሁት? ሰዉ መምጣት ጀምሯል፤ የአሳማ ጭኑን በረዶ ላይ አድርጌዋለሁ!"

"እየመጣን ነው" አለ ላይል።

"መኪና ውስጥ ናችሁ?"

"ልንገባ ነው።"

"ልጅቷስ?"

"አለች" አለና ስልኩን ዘጋ። ንዴቱ እየፈላ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ሰው ለእሷ ብሎ ተሰብስቦ፣ እሷ እዚህ! ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ትልቅ የመስታወት ግድግዳ አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ልጁን አያት።

ጸጉሯ በመረብ ቆብ ታስሯል፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች። አንድ ድብልብል አይብ ከፊቷ አስቀምጣ ከዚያች ነጭ ጋዋን ከለበሰችው ተማሪ ጋር ትከራከራለች። ትጠይቃለች፤ መልሱ ሳያልቅ ሌላ ትጠይቃለች፤ ጣቷን አይቡ ላይ ትቀስራለች። ከዚያ ዝቅ ብላ ዓይኗን ጨፈነችና አንድ ጊዜ በረጅሙ አሸተተችው።

የላይል እጅ ሊጠራት ወደ ላይ ተነሣ። ኮሪን ቀና አለች። ዓይኗ ቀጥ ብሎ ላይል ላይ አረፈ፤ አባቷን አየችው፤ ግን አላየችውም። በግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰዓት አየት አድርጋው ወደ አይቧ ተመለሰች።

የላይል እጅ አየር ላይ ቀረ። እንግዲህ ለእሱ ብላ ከሆነ የመጣችው፣ የምታስደስተው እሱን ከሆነ፣ የአባቷ ፊት እንዴት ይጠፋታል? እንዴት ስልኳን ትረሳለች? እንዴት የከተማውን ሰው፣ ቤቭን፣ የአሳማውን ጭን ትረሳለች? ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀም። ደስታ ከእግር ጥፍሩ ተነሥቶ ጉሮሮው ድረስ ሞላው። እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ እንዳታየው ፈርቶ፣ በጫማው ጫፍ እየተራመደ ከሕንጻው ወጣ።

ታች ሱቅ ነበር፤ ተማሪዎቹ የሚሠሩትን አይስክሬም ይሸጣል። ትልቁን ገዛ። ሳያሸት በላው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮሪን የመረብ ቆቧን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። "አባዬ! ቶምቦላው! ወይኔ አባዬ! ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ግቢ፣ እንሂድ" አለ ላይል።

መንገዱን ሙሉ አፏ አልተዘጋም። ስለ አይቡ ልጣጭ፣ ስለ ተማሪዋ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ እዚያው ሥራ ይሰጥሽ ይሆናል ስላሏት አወራች። ላይል "እሺ" ከማለት በቀር አልተነፈሰም። እሷም ዝምታውን እንዳልጣመው ምልክት ቆጠረችው። ከተማ ደረሱ። የቤቭ በር ላይ መኪና ቆሞ ቦታ የለም። ውስጥ ገብተው ያን ትልቅ ሰሌዳ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አለች በሹክሹክታ። "ገንዘባቸውን እመልሳለሁ። አባዬ፣ ምን ይሉኛል?"

"አንቺ ዝም በይ" አለ ላይል፤ ሰዉን እየገፋ ሄዶ ከቤቭ እጅ ድምፅ ማጉያውን ወሰደ። ጃኔል ከትኬት ጠረጴዛው ላይ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቱን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ስሙኝ" አለ ላይል። "ኮሪን ወደ ምሥራቅ አትሄድም። የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ነው የምትገባው።"

ቤቭ መንኮራኩሩን ይዛ ቀረች። ከኋላ የሽማግሌው ቨርጂል ድምፅ መጣ።

"ላይል! ከልጅቷ አፍ ነው ወይስ ካንተ ኪስ?"

አንዳንዱ ሳቀ፤ አብዛኛው ግን አልሳቀም። የሁሉም ጥያቄ ያው ነበር።

"እኔም ይህንኑ ነበር የፈራሁት" አለ ላይል።

"እና? አሸተትከው?"

"አሸተትኩት።"

"እንዴት ነው ታዲያ?" አሉ ሦስት አራት ሰዎች ባንድ አፍ።

ላይል ድምፅ ማጉያውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ጥርሱ ግን እስከ መንጋጋው ይታያል።

"ረሳችኝ!" አለ። "ደጅ ላይ ቦርሳ አስታቅፋኝ ገባች፣ ረሳችኝ! ከመስታወቱ ማዶ ቆሜ ፊት ለፊት አየችኝ፣ አላወቀችኝም! እናንተንም ረሳቻችሁ! ቤቭ፣ ያንቺን የአሳማ ጭን ረሳችው!"

መጀመሪያ የገባው ለቨርጂል ነው። ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ "ጫነው እንግዲህ!" ብሎ ጮኸ፤ ቤቱም ተከተለው። በጭብጨባውና በፉጨቱ መሐል ቤቭ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ "ምሥራቅ" የሚለውን ጠረገችው። "እዚያም ቢሆን መብላት አለባት፤ ትኬታችሁን ያዙ!" ብላ መንኮራኩሩን አሽከረከረችው።

ኮሪን የመረብ ቆቧን እንዳደረገች በሰዉ መሐል ተሽሎክሎካ አባቷ ጋ ደረሰች። ጉንጮቿ ቀልተዋል።

"አባዬ፣ እውነት አየሁህ? መስታወቱ ጋ ነበርክ? ይቅርታ፣ እኔ እኮ..."

"ኧረ ይቅርታ እንዳትይኝ!" አለና አንገቷን አቅፎ ወደ ራሱ ሳባት። ጸጉሯ አይብ አይብ ይሸታል። ላይል ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጊዜ በረጅሙ ሳበ።