የአያ ዳምጤ ቆብ

ልጅ ሳለሁ፣ ሦስተኛ ክፍል በምማርበት ዓመት፣ በዳግማ ትንሣኤ ማግስት፣ የአያ ዳምጤን የምንኩስና ቆብ ሰርቄ እናቴ ጎታ ውስጥ ደበቅሁ።

መንደራችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በእኛ አገር ሴት አታርስም፤ አራሽ የሌላት መሬቷን ለእኩል ትሰጥና የምርቱን ግማሽ ታጣለች። የእኛን ግን ጎረቤታችን አያ ዳምጤ በራሳቸው በሬዎች ያርሱልን ነበር። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ለመመነን ከተሳሉም ቆይተዋል።

«አያ ዳምጤ፣ ዘንድሮም ምናኔው ቀረ?» ይሏቸዋል ሰዎች።

«እኔስ ቆርጬ ነበር፤ በሬዎቹ አልፈቀዱም።»

ያኔ መብራታችን ኩራዝ ነበር። አመሻሽ ላይ ከእርሻ ሲመለሱ እኛ ቤት ጎራ ብለው እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ከዚያ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው፣ ሁልጊዜ ስለ አንድ ሰው ያወሩኝ ነበር። ሰውየው ሊመንን ወደ ግሽ ዓባይ ይነሳል፤ አንድ ቀን የታመመ መንገደኛ ያገኛል፣ ሌላ ቀን ጣሪያው የሚያፈስ የአሮጊት ቤት።

«ደረሰ?» እላለሁ።

«ገና ነው። ለጣሪያው ሣር እያጨደ ነው።»

በዚያ ዓመት ግን ቆቡን አሠርተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። እናቴ ነገሩ የምር መሆኑን ስታይ፣ «መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ አንቺም ትምህርቱን ትተሽ ፍኖተ ሰላም አክስትሽ ዘንድ ልጅ ትይዣለሽ» አለችኝ። ያለ ቆብ መነኩሴ የለም ብዬ አሰብኩ።

አያ ዳምጤ ቤታቸውን ሁለት ጊዜ በረበሩ።

«አንቺስ አላየሽም?»

«አላየሁም።»

ትንሽ አተኩረው አዩኝ። በዚያው ሳምንት በሬዎቻቸውን ጠምደው ማሳችን ገቡ። አመሻሽ ላይ ሰውየው ምን እንደገጠመው ጠየቅኋቸው።

«በትሩ ጠፋበት።»

«ታዲያ ቀረ?»

«ያለ በትርም ይኬዳል።»

ከዚያ ወዲህ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ መጠምጠም ጀመሩ፤ እናቴ ብርድ መትቷቸው ነው አለች። ጉልበታቸው እስኪደክም የእኛንና የሌሎች ሁለት መበለቶችን መሬት አረሱ። እኔ ተማርኩ፣ ጋዜጠኛም ሆንኩ። ሥራዬ ሰው የሚለውንና የሆነውን መለየት ነው፤ ስለዚህ ደስተኛ ነበሩ ብዬ አልምልም። ያየሁት፣ ከበሬዎቹ ኋላ ዳዊት ሲደግሙና ለምሳ ሲጠሯቸው እንኳ ሳይሰሙ ሲቀሩ ነው። ቢሆንም አንድን ሰው ከስለቱ ያስቀረሁ እኔ ነኝ ብዬ ዓመታት ኖሬያለሁ።

አምና አረፉ። በአርባቸው ዕለት የሰረቅሁትን ቆብ ይዤ ሄጄ ለንስሐ አባታቸው ነገሩን ተናገርኩ። ቄሱ ቆቡን እያገላበጡ አዩት።

«ይኼ የጠፋው ነው» አሉ። «በዚያው ሳምንት ሌላ ባርኬ ሰጥቻቸዋለሁ። ማንም እንዳይሰማ ብለውኝ አመነኮስኳቸው። ስንገንዛቸው ከሻሹ ሥር ነበር፤ በእርሻ ላብ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።»

«ለምን ወደ ገዳም አልሄዱም ታዲያ?»

«እኔም ያኔውኑ ጠይቄያቸው ነበር» አሉ ቄሱ። «መቼ ይነሳሉ ብላቸው፣ በጅራፋቸው የእናትሽን ማሳ አሳዩኝና ‹ደርሻለሁ› አሉኝ።»