ዘርፉ የተማረችው የኀዘን ቃል

ዘርፉ የጃፓንን ቋንቋ የተማረችው ልትነግድበት አልነበረም። ለንግዱ ጃፓናዊው ሙሴ ኖዳ ራሱ ነበረ፤ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ አቡጀዲ በጣቃ እየሸጠ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ቆሎ ሲቆረጥም የሚውል ሰው። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የጃፓን አቡጀዲ አገሩን ያጥለቀለቀበት ነው። ሕያዉ ይለብሰዋል፣ ሙቱም ይገነዝበታል። ዘርፉ የተቀጠረችው ለሚስቱ ለኪኩ ነበር፤ ልታጥብላት፣ ቤት ልትጠርግላት፣ ከሁሉ በላይ ግን አብራት ልትቀመጥ።

ሁለቱ ሴቶች ጓሮ ካለችው ግራር ሥር ሆነው በጣት እያመለከቱ ይማማሩ ጀመር። ውሃው፣ እሳቱ፣ ድስቱ ቶሎ አለቀ። የቀረው የማይታየው ነገር ሆነ። ደስታ በምን ጣት ይጠቆማል?

አንድ ቀን ዘርፉ የኪኩን ፊት አይታ፣ "ዛሬስ ከፍቶዎታል፣ ማዳም" አለቻት።

ኪኩ ደረቷን በመዳፏ ሸፈነች። "እዚህ ገባሽ? አየሽ?" ብላ ሳቀች።

በእሷ አገር ሰው የሌላውን ልብ ከፍቶ እንዳየ ሁሉ "አዝነሃል" አይልም አሉ። "ያዘንክ ትመስላለህ" ይላል እንጂ፤ የውስጡን ባለቤቱ ያውቃል። ዘርፉ ይህ ነገር ገረማት። በናዝሬት ሰፈር ሰው የጎረቤቱን ልብ ከራሱ ልብ አብልጦ ነው የሚያውቀው፤ ካላወቀማ ምኑን ጎረቤት ሆነ!

እንዲህ እያሉ "ኡሬሺ" ደስታ፣ "ኮዋይ" ፍርሃት መሆኑን አወቀች። ባቡሩ ወደ አዋሽ ሲወርድ ደግሞ ኪኩ ጭሱን በዓይኗ እየሸኘች "ሳቢሺ ኔ" ትላለች። ብቸኝነት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው "ኔ"፣ "አይደል? አንቺም እይልኝ" እንደማለት ናት።

ሌላ ቀን ኪኩ እናቷ እንዴት እንደሞተች ስትነግራት ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ነበረ። ዘርፉ ደነገጠች።

"ኀዘን ሸክም" አለች ኪኩ። "አንቺ ላይ አልጭንም። ስለዚህ እንዲህ።" ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ሰኔ ሲገባ ሙሴ ኖዳ ዕቃ ሊረከብ ድሬዳዋ ወረደ። ያን ሰሞን ንፋሱ ከፋ፤ አቧራው ቀኑን ያጠቁረዋል፣ ዝናብ ግን የለም። በአንድ ሰኞ የባቡሩን ስልክ የሚያነሳው ሐዲስ ከጣቢያው ወጣ፤ ወደ ኪኩ ቤት ግን አልሄደም። ክፉ ወሬ መቼም በቀጥታ ወደ ባለቤቱ አይሄድም። የሄደው የሰፈሩ ትልቅ ሴት ከሆኑት ከእትዬ አበበች ዘንድ ነው። ዘርፉም እዚያው ነበረች።

"ከድሬዳዋ ደውለው፣ ጃፓናዊው ታሟል፣ ሚስቱ ቶሎ ትምጣ አሉኝ" አለ።

እትዬ አበበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። "በቃ። ሞቷል።"

"ታሟል ነው ያሉኝ፣ እትዬ።"

"አንተ ልጅ! ከመቼ ወዲህ ነው ሞት በስልክ የሚነገረው? አባትህ የሞቱ ለት ከመቂ ምን ብለው ነው ያስጠሩህ?"

ሐዲስ አቀረቀረ። "ትንሽ አሟቸዋል ብለው።"

የኪኩ ዘበኛ ገርባ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "ቢታመምስ?" አለ። "ያ ረቢ፣ ታሟል ከተባለው አንዳንዱ የታመመም ይኖራል እኮ!"

"አንተ ደግሞ፣ ሬሳ ካልጎተትክ ሞት የማይገባህ!" አሉት እትዬ አበበች። "ብቻዋን በባቡር ልከናት፣ ባዕድ አገር ደርሳ ትረዳ? ዘመድ እንደሌላት? እኛ አለንላት። የሱቁ ደንበኞች ከመቂ ገበያ ይመለሱ፤ ሰው ተሰብስቦ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ቤቷ እናረዳታለን። በቋንቋዋ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፣ ዘርፉ። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።"

ዘርፉ አፏን ያዘች። ግን የምትናገርበት ቃል አልነበራትም፤ ያ ቃል ያለው ደግሞ ከኪኩ ዘንድ ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ግራሩ ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

"ማዳም፣ ልብ ሲሰበር ምን ይባላል?"

"ካናሺ።"

"ሰው... ሰው ሲሞትስ?"

የኪኩ መርፌ ጨርቁ ላይ ቆመ። "ዛሬ ጥቁር ቃል ብቻ። ለምን?"

"እንዲሁ ነው።"

ኪኩ ቃሉን ነገረቻትና ትክ ብላ አየቻት። "ዘርፉ። የፈራሽ ትመስያለሽ።"

ትመስያለሽ አለቻት፤ አሁንም ልቧን አልከፈተችባትም። ዘርፉ ልትነግራት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ያኔ የቁልቁሉ ባቡር ጮኸ። ያን ጊዜ ባቡር በሌሊት አይሄድም፤ አዋሽ አድሮ በማግስቱ ማታ ድሬዳዋ ይገባል። ኪኩ ጭሱን እያየች "ሳቢሺ ኔ" አለች። ዘርፉ አብራት አየች። ባቡሩ ሄደ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሰዉ ግቢውን ሞላው። ዘርፉ ያን በልመና ያገኘችውን ቃል ተናገረች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ጮኹ። ኪኩ አንድ በአንድ አየቻቸውና ጎንበስ ብላ ፈገግ አለች።

"ኧረ ሳቀች! በባሏ ሞት ሳቀች!"

"አልሳቀችም! ዝም በሉ!" ብላ ዘርፉ ጮኸች። ከእሷ በቀር የኪኩን እጅ ያየ አልነበረም፤ መሐረቧን ጨምድዶ ጣቶቿ ነጥተዋል።

ከቀትር በኋላ የአቀበቱ ባቡር ገባ። አቡጀዲ ቸርቻሪው ሱሩር ወርዶ ለቅሶውን ሰማና እያለከለከ መጣ።

"የማን ለቅሶ ነው?"

"የሙሴ ኖዳ።"

"ምን ትላላችሁ እናንተ! ትናንት ጠዋት ስነሳ ነፍሱ አለች እኮ! ወባ ክፉኛ ጥሎት፣ በር በሩን እያየ 'ሚስቴ መጣች?' ይላል። እናንተ ጋ አልተደወለም?"

ለቅሶው ባንዴ ተቆረጠ። አልቃሾቹ በተከፈተ አፋቸው ምን እንደሚያደርጉበት ጠፋቸው። እትዬ አበበች ነጠላቸውን ማቅናት ጀምረው መሐል ላይ ተዉት።

ኪኩ ዘርፉን ያዘቻት። "አለ?"

"ትናንት ነበረ ይላል" አለች ዘርፉ። ከዚያ በላይ የምታውቀው አልነበረም።

የሚቀጥለው ቁልቁል ባቡር ዓርብ ነው። ዓርብ ኪኩ ሻንጣዋን ይዛ ጣቢያ ቆመች፤ ሰፈሩም ሊሸኛት ወጣ። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ስልኩ ጮኸ። ሐዲስ ገባ፣ ወጣ።

"ምን አሉህ?" አለች ዘርፉ።

"ያንኑ። ታሟል፣ ቶሎ ትምጣ።"

"ያንኑ?"

"ያንኑ ቃል፣ ዘርፉ። አንድም አልጨመሩ።"

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ኪኩ ከባቡሩ መስኮት፣ "ምን አለ?" ብላ ጠየቀች። ዘርፉ የሰማችውን ሳትቀንስ፣ የመሰላትንም ሳትጨምር ነገረቻት። ኪኩ ፈገግ አለች፤ ያንን ፈገግታ። ዘርፉም መልሳ ፈገግ አለችላት።

"ኮዋይ ኔ" አለች ዘርፉ።

"ኮዋይ ኔ" አለች ኪኩ። ባቡሩ ተነቃነቀ።

ሙሴ ኖዳ ሐሙስ ተቀብሮ ነበር፤ በገዛ አቡጀዲው ተገንዞ። በሕይወት ሳለ ያለቀሰችለት ናዝሬት፣ ሲሞት አላለቀሰችለትም። የማክሰኞው ባቡር ግን ረቡዕ ማታ ድሬዳዋ ሲገባ፣ ኖዳ ገና በር በሩን ያይ ነበር አሉ። ኪኩ ከዚያው ወደ ጅቡቲ ወረደች፤ አልተመለሰችም።

ዘርፉ አርጅታ እስክትሞት ድረስ፣ እገሌ ታሟል የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ሌላው ሰው ነጠላውን ሲያዘቀዝቅ እሷ ተነስታ መንገድ ትጀምራለች።

"ዘርፉ፣ ሬሳ ልትጠይቂ ነው?" እያሉ ይስቁባታል።

"ምናልባት ታሞ ይሆናል" ትላለች፣ ከበሩ ወጥታ ሳለች።