ዳታው ይጥፋ?

አምቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ግድግዳዋ በቆርቆሮ የተሠራ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ዘገየ በዚያች ሱቅ መጀመሪያ ራዲዮ ጠገነ። ራዲዮ የሚያስጠግን ሰው ሲጠፋ ቴፕ ጠገነ። ቴፑም ሲቀር፣ ዕድሜው አርባን ከተሻገረ በኋላ፣ ስልክ መጠገን ተማረ። እጁ የመበየጃ ካውያ የለመደ ስለነበር የተሰበረውን መጠገን አልከበደውም። የከበደው የማይታየው በሽታ ነበር፤ ምኑም ሳይሰበር፣ ሲያበሩት የአምራቹን አርማ ብቻ አሳይቶ ድርቅ የሚል ስልክ። ይህ በካውያ አይድንም። ለዚያው ዓይነት ስልክ የተሠራውን ፋይል ከኢንተርኔት ፈልጎ ማውረድ፣ ታሽጎ የመጣውን መፍታት፣ ከዚያ በኮምፒውተር በኩል እንደ አዲስ መጫን ነው መድኃኒቱ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ያመጣው ፋይል አምቦ ላይ አልፈታም ብሎት ነበር፤ ግማሹ ሳይወርድ ቀርቶ። ከዚያ ወዲህ የጊንጪ ነጋዴ የጤፍ ጆንያ ሳያስፈታ እንደማይገዛ ሁሉ፣ እሱም እዚያው አዲስ አበባ ፈትቶ ውስጡን ሳያይ ከወንበሩ አይነሣም።

አዲስ አበባ ድረስ የሚሄደው ወዶ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ በአካባቢው የስልክ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወር አልፎት ነበር። ሰው ሁሉ «ዳታ ጠፋ» ነው የሚለው። ነገሩ ሰላምታ እስኪመስል ድረስ፣ መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች «ዳታ መጣ እንዴ?» «ኧረ ከየት!» ተባብለው ይተላለፉ ነበር።

በዚያ ሰሞን፣ አንድ ሰኞ፣ ባየሽ የምትባል የሃምሳ ዓመት ሴት ከእጃጂ መጣች። ስልኩን በመሐረብ ጠቅልላ ነበር የያዘችው።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ዘገየ። የሞተ ስልክ ታስነሣለህ አሉኝ።»

«ከሞተስ አላስነሣም፣ አዴ። ራሱን ስቶ ከሆነ ነው።»

አበራው። አርማው በራ፤ እዚያው ቆመ።

«ራሱን ነው የሳተው። ግን የዚህ ዓይነት ፋይል የለኝም፤ አዲስ አበባ ሄጄ ማውረድ አለብኝ።»

«ማሎ፣ እባክህ፣ እሁድ የልጄ ሠርግ ነው። ለሠርጉ ይድረስልኝ።»

«ዓርብ ይደርሳል።»

በሩ ላይ ተደግፎ የቆመ አንድ ሾፌር ሳቀ። «ዘገየ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ነቢይ ነበር! የትኛው ዓርብ እንደሆነ ጠይቂው፣ እናቴ።»

ዘገየ ስልኩ ለሠርግ መጥሪያ የተፈለገ መሰለው። የባየሽ ነገር ግን ሌላ ነበር። በዚያ ስልክ ውስጥ የባሏ ድምፅ አለ። ተሬፋ እጃጂ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ያስተማረ መምህር ነበር። ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጥቶበት፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ መናገር እንደማይችል ሐኪሞች ሲነግሩት፣ ለአንዲት ልጁ ለቢሊሴ የሠርጓን ምርቃት በኦሮምኛ ቀድቶ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለ ድምፅ ሰባት ወር ኖረና ዐረፈ። እሁድ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ተሰክቶ አባት ልጁን ሊመርቅ ነበር። ይህን ሁሉ፣ ሾፌሩ እየሰማ፣ ለማታውቀው ሰው መናገር ባየሽን ከበዳት።

ዘገየም መጠየቅ ያለበትን አልዘነጋም። ስልክ እንደ አዲስ ሲጫን ፎቶው፣ ድምፁ፣ የተመዘገበው ስም ሁሉ ይደመሰሳል። የስልክ ጠጋኞች ይህን ሁሉ ዳታ ይሉታል።

«አዴ፣ ዳታው ይጠፋል። ይጥፋ?»

ባየሽ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ዳታማ ከጠፋ ስንት ጊዜው! ይጥፋ እንጂ!»

ሾፌሩ ሳቀ። ዘገየም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወረቀት ቆርጦ «ባየሽ፣ እጃጂ፣ ይጥፋ» ብሎ ጻፈና በላስቲክ ከስልኩ ጋር አሰረው።

ረቡዕ አዲስ አበባ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ሲለፋ ዋለ። ገጹ ላይ «አውርድ» የሚሉ አምስት ቁልፎች ነበሩ፤ አራቱ ማስታወቂያ የሚከፍቱ ውሸቶች ናቸው። ፋይሉ በአራት ተከፍሎ የተቀመጠ ነው። ሦስተኛው ክፍል ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተቋረጠና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁሉም ወርዶ ሊፈታው ሲል የይለፍ ቃል ጠየቀው፤ ተመልሶ ገጹን ሲያስስ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አገኘው። ሲፈታ አንድም የጎደለ አልነበረም። ደስ ብሎት ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ። የመጫኛው ፕሮግራም ሁለት ምርጫ አለው፤ የባለቤቱን ነገር ሳይነካ መጫን ወይም ሁሉን ጠርጎ መጫን። የመጀመሪያው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። «አይጥፋ» ላለ ሰው ዘገየ በዚያ ጀምሮ ይሞክር ነበር። ወረቀቱን አየ። ሁለተኛውን ነካ። ስልኩ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ተነሣ፤ ፊቱ ወለል ብሎ በራ።

ዓርብ ባየሽ ከሙሽራዋ ጋር መጣች።

«ተነሥቷል፣ አዴ ባየሽ!»

ባየሽ ስልኩን ለልጇ አቀበለቻት። «ክፈቺው። ኦቦ ዘገየም ይስማው፤ ደክሞበታል።»

ቢሊሴ በጣቷ ገፋች፤ መለሰች፤ ደግማ ገፋች።

«እማዬ፣ ባዶ ነው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። አባዬ የለም።»

ዘገየ «አባዬ» የሚለውን ሲሰማ የምን አባት እንደሆነ ጠየቀ። ነገሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገሩት፤ ድምፁን፣ ምርቃቱን፣ እሁድን። ዘገየ ወረቀቱን አንሥቶ አሳያቸው።

«ይጥፋ ብለውኝ እኮ ነው። ዳታው ይጥፋ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው…»

«ዳታ!» አለች ቢሊሴ። «ዳታ ስትላት ኢንተርኔት መስሏት ነዋ! ከየት ሌላ ዳታ ታውቃለች? የባልሽ ድምፅ ይጥፋ ወይ ብለህ ብትጠይቃት ምን ነበረበት?»

«ተይ፣ ኢንታላ ኮ። ተይ ልጄ።» ባየሽ ወደ ዘገየ ዞረች። አላለቀሰችም። «ኦቦ ዘገየ፣ ያን ፋይል ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከኢንተርኔት።»

«ያልነበረህን ነው ፈልገህ ያገኘኸው።»

«አዎ።»

«እንግዲያ የሱንም እዚያው ፈልግልኛ። ስሙን ጻፍ። ተሬፋ፣ የእጃጂ መምህር ብለህ ፈልግ። ማሎ፣ ወንድሜ።»

እዚያ የሚገኘው ለሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት የሆነው ብቻ እንደሆነ፣ የተሬፋ ድምፅ በዓለም ላይ ከዚህ ስልክ ሌላ እንዳልነበረ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። ዓይኗን ሲያይ ግን ያለው «እሺ» ነበር።

ቅዳሜ ያንን «እሺ» ይዞ፣ ስልኳንና ኮምፒውተሩን ተሸክሞ አዲስ አበባ ሄደ። የጠፋ እንመልሳለን የሚሉ ሦስት ፕሮግራሞች አውርዶ ፈታ። ሁለቱ ምንም አላገኙም። ሦስተኛው ብዙ ቆየና ስም የሌላቸው ሃምሳ ሦስት የድምፅ ፋይሎች ደረደረ። ዘገየ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። የመጀመሪያው የወፍ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ደወል። ሦስተኛው ጠብ የሚል ውሃ። እሱ ራሱ የጫነው ፋይል ይዞት የመጣው የስልክ መጥሪያ ድምፅ ሁሉ ነው። እየዘለለ አልሰማም፤ አንድ በአንድ ሰማ። ሠላሳ ስንተኛው ላይ ረጅም ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሰምቶ ዓይኑን ጨፈነ። የባሕር ማዕበል ነበር፤ ለማንቂያ የተሠራ። እስከ ሃምሳ ሦስተኛው ሰማና ወደ ቢሊሴ ስልክ ደወለ። ያነሣችው ባየሽ ናት። ከኋላዋ ዘፈንና እልልታ ይሰማል።

«ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ አዴ። እንደማይገኝም ትናንት አውቅ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ባየሽ ከዘፈኑ ራቅ ብላ ተናገረች።

«እሱ ያለውን እኔ ለቢሊሴ ልነግራት ብዬ ነበር። በየቀኑ ስሰማው ድምፁን ነው የሰማሁት ለካ፤ ቃሉን አልያዝኩትም። መጀመሪያ ላይ ልጄ ሆይ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፋኝ።»

ዘገየ ኮምፒውተሩን ዘጋ።

«በቃ፤ የተሬፋ ወንድም ኦቦ አመዩ ይመርቃታል። አንተም ና፣ እሁድ እህል ቅመስ።»

አንዲት ሴት ከሩቅ ጠራቻት። ባየሽ «መጣሁ!» ብላ ስልኩን ሳትዘጋ አንድ ቦታ አስቀምጣው ሄደች። ዘገየም አልዘጋውም። ብረት ድስት ሲጋጭ፣ ሴቶች ሲሳሳቁ፣ አንድ ሽማግሌ ድንኳኑ ወደ ግራ ዘመመ እያለ ሲቆጣ፣ መስመሩ ራሱ እስኪቆረጥ ድረስ ሰማ።