«የእኛም ጠፍቷል» ያልኩበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ «ዋሽቻለሁ» ብዬ አለፍኩት፤ እሳቸውም ምን ብዬ እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም። እናንተ ግን ሙሉውን ስሙኝ።

ዳላስ በበረዶ የተያዘችበት ሳምንት ነበር። ስንቱ ቤት መብራት አጥቶ፣ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሌዊስቪል ያለው የእኔ ቤት መብራት አልጠፋበትም። የቤት ማሞቂያው፣ ሂተሩ፣ ይሠራል፤ ልጆቼ ካልሲ እንኳ ሳያደርጉ ይሯሯጣሉ። እኔ ደግሞ የጸሎት ግሩፓችን አስተባባሪ ነኝ። በየጠዋቱ ድምፄን ቀድቼ በስልክ እልካለሁ። «እህቶቼ፣ አትፍሩ፤ በጨነቀን ጊዜ የሚታመን አምላክ አለን» እላለሁ። ድምፅሽ ያጽናናል ይሉኛል። አሁን ስሰማው ቶሎ አጠፋዋለሁ።

በዚያ ሳምንት እትዬ ዘነቡ ደወሉልኝ። እትዬ ዘነቡ አሜሪካ ስገባ፣ ማንም ሳያውቀኝ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው የዳላስ ሰፈር ባለችው ጠባብ አፓርታማቸው የተቀበሉኝ ሴት ናቸው። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው ሶፋ ላይ ይተኙ ነበር። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ስኳርም አለባቸው።

«ልጄ፣ መብራት ከጠፋብኝ ቆየ። እግሬ ደንዝዟል። እናንተ ጋ መብራት አለ? ጎረቤቴ በፒክአፑ አደርስዎታለሁ ብሎኛል» አሉኝ።

ከእኔ የሚጠበቀው «ይምጡ» ማለት ብቻ ነበር።

ፈራሁ። ምኑን ነው የፈራሁት? እሳቸውን ካስገባሁ ሌላውም ሰምቶ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ምግብ ያልቃል ብዬ ፈራሁ። «የእኛም ጠፍቷል፣ እትዬ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሂተሩ ጀርባዬን እያሞቀኝ «የእኛም ጠፍቷል» አልኩ። መዋሸቴ አልበቃ ብሎኝ «በእግዚአብሔር እንታመን እንጂ፣ እሱ አይጥለንም» ብዬ ጨመርኩበት።

«አሜን፣ ልጄ። ልጆቹን ደርበሽ አልብሻቸው» አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ መጋረጃውን ሳብኩ። ከዚያ ሾርባ አሙቄ ጠጣሁ። እንዴት ወረደልኝ?

ጎረቤታቸው በማግስቱ ሲያንኳኳ መነሣት አቅቷቸው አገኛቸውና ሆስፒታል አደረሳቸው። የአንድ እግራቸው ጣቶች ተቆረጡ። ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው፣ አጠገባቸው ለነበሩት ሴቶች «እሷም እኮ ከነልጆቿ በብርድ ስትሰቃይ ነው እኔን ያጽናናችኝ። የእሷ ቃል ነው ያቆየኝ» አሏቸው። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለቅሶዬን ከደግነት ቆጠሩልኝ። ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አንገቴን ደፍቼ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ ይሄኛው ይብስብኛል።

እታመንበታለሁ ስል በማን ነበር የምታመነው? በሂተሬ ነበር። የእግዚአብሔርን ስም የጠራሁት እሳቸው ደጄ እንዳይደርሱ ነው። እሳቸው ግን እኔ እንደ ምናምን የወረወርኩትን ቃል ይዘው፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ በእውነት ታመኑት። ይህን ሳስብ ራሴን እጸየፋለሁ።

ጊዜው አስፈሪ ነበር፣ ልጆች ነበሩኝ እንድል አትጠብቁ። አንዲት አሮጊት ሴት ሳሎኔ ውስጥ ቢያድሩ ልጆቼ ምን ይሆኑ ነበር?

እናንተንም ማሩኝ አልልም፤ የተበደሉት እሳቸው ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ቢያባርሩኝ እወጣለሁ፤ እሱስ ይገባኛል። የምፈራው «ግድ የለም፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ» ያሉኝ እንደሆነ ነው።