ቤት ሲጎበኝ

ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ የፈረንሳይኛ መምህራችን ስለ አንድ የፈረንሳይ ግንብ ታሪክ የሚያወራ ምንባብ ሰጥተው ወደ አማርኛ እንድንመልሰው አዘዙን። ጥሩ አድርጌ ሠርቼ ላስደስታቸው ስለ ፈለግሁ፣ የመለስሁትን ከሰዓት በኋላ ጮክ ብዬ እያነበብሁ አርም ነበር። የሚሰማኝ አባቴ ብቻ ነው። እናቴ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ገበያ ስትሸጥ ትውላለች፤ አባቴ ደግሞ ከክረምት ጀምሮ ከአልጋ አልተነሣም።

የምንኖረው በተክለ ሃይማኖት በኩል፣ አንድ ደጃዝማች ባሠሩት ግቢ ውስጥ፣ ከፎቁ ቤት ጀርባ ባለች የአሽከር ክፍል ነበር። አባቴ የደጃዝማቹ አጋፋሪ ነው። ግብር ሲበላ እንግዳውን ከበር ተቀብሎ እንደየማዕረጉ የሚያስቀምጠው እሱ ነበር። ደጃዝማቹ ካረፉ በኋላ ፎቁ ላይ የቀሩት ሴት ልጃቸው ብቻ ናቸው። አባቴ በልጅነታቸው በትከሻው ተሸክሟቸዋል። ከታመመ ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ ግቢውን ተሻግረው አልመጡም። አባቴ አያማርርም፤ ውጭ የሴት ጫማ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ግን ጋቢውን ያስተካክላል።

«ግንቡን ያሠራው አንድ መስፍን ነው» ብዬ አነበብሁለት። «ዙሪያውን አስቆፍሮ ውሃ ሞላበት። ጦርነቱ ሲበርድ ልጁ በወፍራሙ ግድግዳ ላይ መስኮት አስከፈተ። የልጅ ልጆቹ መሬቱን እየቆረሱ ሸጡት፤ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር የሚያሳድሱበት አጡ። በመጨረሻም ቤተሰቡ ወጥ ቤቱ አጠገብ ወዳሉት ክፍሎች ተጠግቶ የቀረውን ለጎብኚዎች ከፈተ።»

«ደግ ሰዎች ናቸው» አለ አባቴ።

«እነማን?»

«ጎብኚዎቹ ናቸዋ። ቤቱ አረጀ፣ ጌቶቹም ደኸዩ ሲባል ሰምተው የሚመጡ።»

ያኔ ገባኝ። በእሱ አማርኛ የሚጎበኘው በሽተኛ ነው፤ እስረኛ ነው፤ ኀዘንተኛ ነው።

«እንደሱ አይደለም አባዬ። ቲኬት ቆርጠው ገብተው ቤቱን ያያሉ። የመስፍኑ አልጋ ፊት ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲህ ቆመው አልጋውን ያያሉ።»

«አልጋው ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። «ባዶ አልጋ ለማየት ይከፍላሉ? እኔ በነጻ ተኝቼ ሰው አጣሁ።»

የሚጠብቀው ማንን እንደሆነ ስለማውቅ ወደ ምንባቤ ተመለስሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ኮቴ ሰምቼ በሩን ከፈትሁ። እመቤቲቱ አንድ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ አስከትለው ከፎቁ ይወርዳሉ። ነጋዴው ሜትር ይዟል። ግቢው ለመጋዘን ሊሸጥ ነው የሚለውን ወሬ እናቴ ከገበያ ሰምታ ነበር፤ ወደ አባቴ ጆሮ ግን አላደረስነውም።

«ይችኛዋስ?» አለ ነጋዴው ወደ እኛ በር እየመጣ።

«የአሽከር ቤት ናት» አሉ።

«እሷ ከፈረሰች የጭነት መኪና በደንብ ያስገባል።»

ሜትሩን እየዘረጋ ጎንበስ ብሎ ገባ። እመቤቲቱ ደፉ ላይ ቆሙ። አባቴ በክርኑ ተደግፎ ለመቀመጥ ታገለ።

«እመቤቴ፣ ሊጎበኙኝ መጡ» አለ። «እንግዳም ይዘውልኝ።»

ነጋዴው ዞሮ እመቤቲቱን አያቸው። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«አዎ ጋሼ» አሉ በመጨረሻ። «ልንጠይቅዎት ነው የመጣነው።»

«በል እንጂ ልጄ፣ አስቀምጣቸው» አለኝ። «እመቤቴን ከራስጌዬ፣ ጌታዬን ከግርጌዬ።»

ነጋዴው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «አላህ ያሽርዎት፣ አባቴ» አለ።

«አሜን። እመቤቴ፣ ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ አሁን ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አሉ። ሌላም ነገር ሊሉ አስበው ነበር መሰለኝ፤ ግን እጁን ይዘው ቆዩ። ነጋዴው እሳቸው እስኪነሡ ድረስ አልተነሣም።

አባቴ «እግዜር ይጎብኛችሁ» ብሎ በአጋፋሪነቱ ድምፅ ሸኛቸው። ከሄዱ በኋላም ተመልሶ ለመተኛት እምቢ አለ።

«ግቢው ሰፊ ነው እኮ» አለኝ። «ለዚህ ነው የዘገዩት።»

«አዎ አባዬ፣ ሰፊ ነው» አልሁት።

ነጋዴው የተመለሰው አባቴ ተቀብሮ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብሎ አጽናናት። ከዚያ ብቻውን ስለነበር የሜትሩን አንድ ጫፍ እኔ ያዝሁለት።