ካልወጣህ አንቀመጥም

ወንድም ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ያን ጊዜ የሚኖረው ቴክሳስ ውስጥ ከባሕሩ እኩል በተኛች ከተማ ነበር። ሀሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ መጣ በተባለ ቁጥር ለንደን፣ ኬኒንግተን ቁጭ ብዬ የምጨነቀው እኔ ነኝ፤ እሱማ ከጎረቤቱ ጋር ደጅ ላይ ሥጋ ይጠብሳል።

አንድ ዓመት ከተማውን ልቀቁ ሲባል ለቆ፣ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለ። ነፋሱ ደግሞ አቅጣጫ ቀይሮ ሌላ ጋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለከንቲባውም ለቴሌቪዥኑም ጆሮ የለውም።

"ዘንድሮ ኢቫኩዌት አላደርግም፤ ቤቴን አልለቅም። ለነፋስ ልሽሽ?" አለኝ በስልክ። የሚመጣው ባሕሩ ራሱ ነው ስለው ሳቀብኝ። በገንኩ። ፈራሁም፤ ከእሱ ሌላ ወንድም የለኝም።

ሽማግሌ ላክኩበት። ወንድሜን ከልጅነቱ የሚያውቁትን ሐጂን ከስትሪትሃም፣ አንድ ቄስ ከሆሎዌይ፣ ጡረታ የወጡትን የአውቶቡስ ሾፌር ደግሞ ከፎቃችን ጠራሁ። ቄሱና ሾፌሩ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሰበብ ተኳርፈው ነበር። ያን ቀን ግን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው፣ ለጋብቻ ልጅ ሊጠይቁ እንደመጡ ሁሉ ሦስቱም ተደርድረው ቆሙ።

"ልጃችን፣ ደጅህ መጥተናል" አሉ ቄሱ።

"አባቴ! ኧረ ቁጭ በሉ!"

"ካልወጣህ አንቀመጥም።"

"ቆማችሁ ነው እንዴ?" ድምፁ ተለወጠ።

"ቆመናል። ጉልበቴን ታውቀዋለህ" አሉ ሐጂ።

"በሞቴ ተቀመጡ!"

"በሞትህማ አይሆንም፤ የመጣነው እሱን ልናስቀር ነው" አሉ ሾፌሩ። ቄሱ ፍርፍር ብለው ሳቁ፤ ከምርጫው ወዲህ እኚህ ሰው በተናገሩት ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ከወንድም ጋሼ በኩል ቁልፍ ሲንቃጨል ተሰማ።

"እሺ፣ ወጣሁ። አሁን ተቀመጡ።"

"ሞተሩን አስነሣውና እንስማ" አሉ ሾፌሩ። ሰሙ፤ ተቀመጡ።

ባሕሩ በማግስቱ ገባ፤ ሳሎኑን እስከ ጣሪያ ሞላው። ሥጋ አብሮት የሚጠብሰው ጎረቤቱ አልወጣም ነበር፤ አልተረፈም።

በዓመቱ ወንድም ጋሼ ለንደን መጣ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ምሳ ላይ ሲጠብቁት ቆይተው ሊስሙት ተነሡ። ወንበር ሳብኩለት፤ እንባው እየወረደ "እነሱ ሳይቀመጡ አልቀመጥም" አለ። እነሱም "እንግዳ ሳይቀመጥ!" ብለው እምቢ አሉ። ምሳዬ እስኪቀዘቅዝ አምስታችንም እየሳቅን ቆመን ቀረን።