የኮሌታ ውለታ

በሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ ራሷም «ኮሌታ» ተብላ ቀረች። ምላሷ አይጣል ነው፤ ግን ሆደ ቡቡ ናት። አጠገቧ ያለች ሴት ሥራ ሲከብዳት ካየች፣ የሷን ድርሻ ቀስ ብላ በጠረጴዛው ሥር ወስዳ ትሰፋላታለች።

«መርፌ»ንም ያተረፈቻት እንዲህ ነው። መርፌ ያሏት ከቅጥነቷ የተነሳ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና ማሽኑ ላይ ሲያቅለሸልሻት ኮሌታ የሁለት ሰው ሥራ ሠራች። ዛሬ መርፌ አለቃ ሆናለች። ሹመት ያዳብር! ያዳበረው ግን ጉሮሮዋን ብቻ ነው፤ «ወሬ ይቁም! እጅ ይፍጠን!» ስትል አዳራሹ ይናጋል።

ዘንድሮ ደግሞ ተራው የኮሌታ ሆነ። የእጇ አንጓ አብጦ መቀስ መያዝ አቃታት። ቤት ውስጥ አልጋ የያዘ ባል አለ፤ ሥራዋ ከሄደ የሱም መድኃኒት አብሮ መሄዱ ነው። አጠገቧ ተቀምጣ እጅጌ የምትሰፋው፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ነገሩ ገባትና «እትዬ፣ ወዲህ በዪው» እያለች ትሰፋላት ጀመር። የራሷ እጅጌ ግን እየተከመረ ሄደ።

አንድ ቀን መርፌ ኮሌታን ቢሮ ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ከላይ ያሉት አለቆች ‹አንድ ሰው ቀንሺ› አሉኝ» አለቻት። «ሥራው የተጓተተው በማን ነው ብለው አፋጠጡኝ።»

ኮሌታ ያበጠ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«አይዞሽ፣ አንቺን አላነሳሁም። እጅጌ ሰፊዋ ናት አልኳቸው። ያንቺ ውለታ እኮ አለብኝ።»

«አንቺ ሴት! እሷ ወደ ኋላ የቀረችው የኔን ስትሠራ መሆኑን አታውቂም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የኔን ውለታ ከሷ ጉሮሮ ነጥቀሽ ነው የምትከፍዪው?»

የመርፌ ዓይን እንባ አቀረረ። «አንድ ሰው ካልሰጠኋቸው እኔን ነው የሚያባርሩኝ። ከፈለግሽ አንቺ ነሽ ልበላቸው። ልበላቸው?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ አይደል! ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ባሏ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። አንገቷን ደፋች፤ እዚያው ቆማ ራሷን ጠላች፤ ግን በሩን ከፍታ ወጣች።

እጅጌ ሰፊዋ በጭንቀት ትጠብቃት ነበር።

«እትዬ፣ የእጅሽን ነገር ነቃችብሽ እንዴ?»

«ኧረ የለም።»

«እሰይ! ተመስገን!» ሴትዮዋ ከኮሌታ ፊት ያለውን ክምር ወደ ራሷ ሳበችው። «በይ አትጨነቂ። እኔ እያለሁ ማንም አያባርርሽም።»